የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ለማን ይቆማል? የሜልበርኑ «ብራዘርሁድ» ታሪክና አሠራር

በየዓመቱ በኤፕሪል ወር መገባደጃ የአውስትራሊያ ጋዜጦች አንድ ጥናት ይዘው ይወጣሉ። አንግሊኬር አውስትራሊያ የተባለው ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ኅብረት፣ በአንድ የተወሰነ ቀን በመላ አገሪቱ ለኪራይ የቀረቡትን ቤቶች ይቆጥርና አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን መከራየት እንደሚችል ያሰላል። መለኪያው ኪራዩ ከገቢው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። በ2024 ከተቆጠሩት 45,115 ቤቶች ውስጥ በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ነጠላ ሰው አቅም የሚፈቅዳቸው 289 ብቻ ነበሩ። ጆብሲከር በተባለው የሥራ ፈላጊዎች ድጎማ ለሚኖር ሰው ደግሞ የተገኙት 3 ናቸው፤ እነሱም ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ቤት ውስጥ ያሉ ክፍሎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ በወጣ ቁጥር ከቁጥሮቹ ጎን ሌላ ክርክር ይነሣል። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በቤት ኪራይና በመንግሥት ድጎማ መጠን ውስጥ ምን አገባት ብሎ ይጠይቃል። ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ስሙን ሲያዩ እርዳታው ከሃይማኖት ለውጥ ጋር የተያያዘ እንዳይሆን ይሰጋሉ። ከራሷ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመናን መካከል ደግሞ እነዚህ ድርጅቶች ስማቸውን ብቻ ይዘው እምነታቸውን ጥለዋል የሚሉ አሉ። ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ግምት ከበስተኋላቸው አለ፦ የቤተ ክርስቲያን መሆንና የሁሉም መሆን እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ነገሮች ናቸው የሚል። ይህ ጽሑፍ ግምቱ የት ድረስ ትክክል እንደሆነ፣ የትስ ላይ እንደሚያሳስት የሚያየው ከአንግሊካን ሥር ከበቀሉት የአውስትራሊያ ድርጅቶች መካከል በጣም ከሚታወቁት አንዱ በሆነው በቅዱስ ሎውረንስ ወንድማማችነት በኩል ነው። ሜልበርን ውስጥ በአጭሩ «ብራዘርሁድ» ይባላል።

«አንግሊካን» ስንል

አንግሊካን የሚባለው በ16ኛው መቶ ዘመን ከሮም ተለይታ የቆመችው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና ከእሷ የወጡት በየአገሩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በመካከላቸው የክብር ቀዳሚነት ቢኖረውም እንደ ሮም ጳጳስ በሁሉም ላይ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የአውስትራሊያዋ እስከ 1981 ድረስ «የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በአውስትራሊያ» ትባል የነበረ ሲሆን፣ በውስጧ ያሉት አህጉረ ስብከት ሰፊ ነጻነት አላቸው። የሲድኒና የሜልበርን አህጉረ ስብከት በትምህርትም በአስተዳደርም የሚለያዩባቸው ብዙ ጉዳዮች አሉ። ስለዚህ «አንግሊካኖች እንዲህ ይላሉ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ እውነት አይደለም። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህች ቤተ ክርስቲያን ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። አዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በጋምቤላም በአኙዋክና በኑዌር ሕዝብ መካከል በርካታ አጥቢያዎች አሏት።

ለበጎ አድራጎቱ ጉዳይ ቁልፍ የሆነው የአጥቢያ አስተሳሰቧ ነው። በእንግሊዝ አገር ልማድ አጥቢያ ማለት ወሰን ያለው መሬት ነው፤ ቄሱም በዚያ ወሰን ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ አደራ አለበት፤ ያ ሰው ቅዳሴ ይምጣ አይምጣ፣ ያምን አያምን። ይህ የመንግሥት ሃይማኖት የነበረችበት ዘመን ቅሪት ነው። በዚያ ዘመን የድሆች እርዳታ ራሱ በአጥቢያ በኩል ይሰጥ ነበር፤ ይህም ከርኅራኄው ጋር ብዙ ቁጥጥርና ውርደት ያዘለ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኒቱ የመንግሥት ሃይማኖት ሆና አልቀጠለችም፤ ሆኖም «በወሰኔ ውስጥ ያለ ሁሉ አደራዬ ነው» የሚለው ልማድ ከካህናቱ ጋር ባሕር ተሻግሯል።

ከአዳምስታውን ወደ ፊትዝሮይ

ድርጅቱን የመሠረተው ከ1885 እስከ 1974 የኖረው ቄስ ጄራርድ ኬኔዲ ታከር ነው። የሜልበርን ቄስ ልጅ የነበረው ታከር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ቄስ ሆኖ አገልግሏል። በኋላም በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በኒውካስል ከተማ አጠገብ ባለው አዳምስታውን የቅዱስ እስጢፋኖስ አጥቢያ ካህን ሆነ። አካባቢው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ስለነበረ የ1930ዎቹ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ክፉኛ ከተመቱት መካከል ሆነ። በአገሪቱ ድቀቱ በበረታበት በ1932 ከሠራተኛ ማኅበራት አባላት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሥራ አልነበረውም።

ታከር በዲሴምበር 1930 ከጥቂት ወጣቶች ጋር ወንድማማችነቱን ሲያቋቁም በአእምሮው የነበረው ዛሬ በጎ አድራጎት ድርጅት የምንለው ተቋም አልነበረም። የነበረው የካህናትና የምእመናን ማኅበር ነው፦ አባላቱ በማኅበሩ እስካሉ ድረስ ሳያገቡ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ድሆች በሚበዙበት ሰፈር የሚያገለግሉበት። በ1933 ወደ ሜልበርን ሲዛወሩ የሰፈሩት በፊትዝሮይ ነበር። ፊትዝሮይ ያን ጊዜ በጠባብ መንገዶች፣ ውሃ በሚያስገቡ ደሳሳ ቤቶችና በበሽታ የሚታወቅ ሰፈር ነበር። በ1935 ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ካረም ዳውንስ በተባለ ቦታ ለሥራ አጥ ቤተሰቦች መሬትና ትንንሽ ቤቶች የሚሰጥ መንደር ተቋቋመ፤ ይህ መንደር በኋላ የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል።

የወንድሞቹ ገዳም መሰል ኑሮ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። አባላት አገቡ፣ ወደ ሌላ አገልግሎት ሄዱ፤ ሥራው ግን እየሰፋ በደመወዝ የሚሠሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችንና ተመራማሪዎችን ያዘ። በ1971 ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ምክር ቤት በወጣ አዋጅ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም ሆነ። ስሙ የመነኮሳት ማኅበር ስም ሆኖ ቀርቶ በውስጡ ዛሬ የሚሠሩት ወንዶችም ሴቶችም፣ የሚያምኑም የማያምኑም ናቸው።

የዲያቆኑ መልስ

ስሙ የተወሰደለት ቅዱስ ሎውረንስ በ258 በንጉሥ ቫሌሪያን ስደት ሮም ውስጥ የተገደለ ዲያቆን ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ በእጁ ነበርና ባለሥልጣኑ ሀብቷን እንዲያስረክብ ባዘዘው ጊዜ ዲያቆኑ ድሆችን፣ ዕውሮችንና አንካሶችን ሰብስቦ አቅርቦ «የቤተ ክርስቲያን ሀብት እነዚህ ናቸው» እንዳለ ትውፊቱ ይናገራል። ታከር ይህን ቅዱስ የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በዚህ ታሪክ ድሃው ከቤተ ክርስቲያን ሀብት የሚቆረስለት ተመጽዋች አይደለም፤ ሀብቱ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ዛሬ በየድርጅቱ መግለጫ ስለምናየው «አካታች» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር መባል አለበት። ቃሉ መልካም ሐሳብ ይዞ የመጣ ቢሆንም በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ አካታችና ተካታች አሉት፤ አካታቹ የቤቱ ባለቤት ነው፣ ተካታቹ ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ የገባ እንግዳ። የአጥቢያው ልማድና የዲያቆኑ ታሪክ የሚሉት ከዚህ ይለያል፦ ሰውየው ከመጀመሪያውም በወሰኑ ውስጥ ነው፤ ማንም ሊያካትተው አያስፈልግም፤ አደራው ያለው በአገልጋዩ ላይ ነው። ለሁሉም ክፍት መሆን የእምነት መላላት ውጤት ነው ብለው የሚያስቡ ወገኖች ይህን የታሪክ ቅደም ተከተል ቢመለከቱ ይጠቅማል። ታከር በሥርዓተ አምልኮው እጅግ ጥብቅ ከሆነው፣ ለቅዱስ ቁርባንና ለምስጢራት ትልቅ ቦታ ከሚሰጠው የአንግሊካን ወገን ነበር። ይህ ወገን በእንግሊዝ የወደብና የፋብሪካ ሰፈሮች ውስጥ ከድሆች ጋር መኖርን የትምህርቱ ፍሬ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ቃል ሥጋ ሆኖ በመካከላችን አደረ የሚለውን እምነት በጎስቋላ ሰፈር ውስጥ በማደር መተርጎም ነበር ፍላጎቱ።

ታከር በ1953 ለሕንድ መንደሮች ድጋፍ የሚያሰባስብ «ምግብ ለሰላም» የተባለ ዘመቻ ጀመረ። ይህ ዘመቻ በኋላ የውጭ ልማት ድርጅት ሆኖ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውጭ አደገ፤ ዛሬ ኦክስፋም አውስትራሊያ የሚባለው የዚያ ተወላጅ ነው። ቄሱ ልጁን በቤተ ክርስቲያኑ ስም ሥር አላሰረውም።

ከደሳሳው ቤት እስከ ሃያ ፎቁ

ብራዘርሁድ ከሌሎች የምጽዋት ድርጅቶች የተለየበት ዋናው መንገድ ምግብና ልብስ ከመስጠት አልፎ ድህነቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቁ ነው። ታከርና ባልንጀሮቹ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የፊትዝሮይን ቤቶች ሁኔታ በአደባባይ ይናገሩ፣ በአከራዮችም ላይ ይዘምቱ ነበር። በዚያው ጊዜ ኦስዋልድ ባርኔት የተባለው የሜቶዲስት ምእመንና የሒሳብ ባለሙያ የሰፈሮቹን ሁኔታ ቤት ለቤት አስጠንቶ ለመንግሥት አቀረበ። በግፊቱ ድምር ውጤት የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን በ1938 ተቋቋመ። የመንግሥት ኪራይ ቤቶች በከተማው ሰው አነጋገር እስከ ዛሬ «የኮሚሽን ቤት» የሚባሉት ከዚያ የተነሣ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ኮሚሽኑ በ1960ዎቹ ደሳሳ ናቸው ያላቸውን ሰፈሮች በጅምላ እያፈረሰ በምትካቸው ሃያና ሠላሳ ፎቅ የሚደርሱ ሕንፃዎችን አቆመ። በፊትዝሮይ የአተርተን ጋርደንስ አራት ባለ 20 ፎቅ ሕንፃዎች የቆሙት በዚህ መንገድ ነው። የሰፈር ነዋሪዎች ማኅበራት ግን የሚፈርሱት ቤቶች ሁሉ የማይጠገኑ አለመሆናቸውንና ሰዎች ከጎረቤታቸው እየተነጠሉ መሆኑን በመጥቀስ ተቃወሙ። ተቃውሞው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማፍረሱን አስቆመው። ለድሃ የታሰበ በጎ ሐሳብ ድሃውን ሳይጠይቁ ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሜልበርን ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እነዚሁ ፎቆች ውስጥ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስደት የመጡ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎችና ሱዳናውያን በፊትዝሮይ፣ በካርልተን፣ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን የኮሚሽን ሕንፃዎች ውስጥ ኖረዋል። በጁላይ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን ያሉ 9 ሕንፃዎች ነዋሪዎቹ እንዳይወጡ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጉ ከተያዙት ወደ 3,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የግዛቲቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት መጨረሻ እርምጃው ድንገት የተፈጸመበት መንገድ የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ መሆኑን አስታውቃለች። በእነዚያ ቀናት የሚበላ ምግብ በማድረስ ጎልቶ የታየው በሰሜን ሜልበርን የሚገኘው የሙስሊሞች ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ነበር፤ ያመጣውም ለሙስሊሞች ብቻ አልነበረም። የሃይማኖት ሥርና ለሁሉም መቆም አብረው የሚሄዱት በአንግሊካኖች ዘንድ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

በሴፕቴምበር 2023 የቪክቶሪያ መንግሥት 44ቱን የሜልበርን ረጃጅም የኮሚሽን ሕንፃዎች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ በአዲስ እንደሚተካ ገለጸ። በውስጣቸው ወደ 10,000 ሰዎች ይኖራሉ። መንግሥት ሕንፃዎቹ አርጅተዋል፣ ለዘመኑ የግንባታ ደረጃም አይበቁም ይላል፤ ብዙ ነዋሪዎችና የቤት ጉዳይ ተከራካሪዎች ደግሞ ጥገና ለምን በቁም ነገር እንዳልታየ፣ ሰዎቹስ ወደ ሰፈራቸው መመለሳቸው በምን እንደሚረጋገጥ ይጠይቃሉ። በ1960ዎቹ የተነሣው ጥያቄ ነው ተመልሶ የመጣው። አንግሊኬር የኪራይ ቤቶችን ቁጥር በየዓመቱ የሚቆጥርበትን ምክንያት ማየት የሚቀለውም ከዚህ አንጻር ነው፤ የአንግሊካን ድርጅቶች በጉዳዩ ውስጥ አዲስ ገቢ አይደሉምና።

ገንዘቡና ሕጉ

ለምን ቤተ ክርስቲያን ራሷ በቀጥታ አትረዳም? ለምንስ የተለየ ድርጅት አስፈለገ? ከመልሱ ግማሹ የሚገኘው በግብር ሕግ ውስጥ ነው። በአውስትራሊያ ሃይማኖትን ማስፋፋት እንደ በጎ አድራጎት ዓላማ ይታወቃል፤ ሆኖም ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ስጦታ በአጠቃላይ ለሰጪው የግብር ቅነሳ አያስገኝም። ቅነሳ የሚያስገኘው ድህነትን፣ ሕመምን ወይም ችግርን በቀጥታ ለማቃለል ለቆመ ተቋም የተሰጠው ነው፤ ይህን ዓይነቱን ተቋም ሕጉ የሕዝብ ምግባረ ሠናይ ተቋም ይለዋል። ተቋሙ ይህን ስም ለማግኘት ዋና ዓላማው ችግረኛውን መርዳት እንጂ ስብከት መሆን የለበትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ይህን ዓይነት ድርጅት ስታቋቁም ስብከቱንና እርዳታውን በሕግ ሁለት ቤት ታደርጋቸዋለች። አሠራሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1972 ሲቋቋም የልማትና የእርዳታ ሥራው ከአጥቢያዎቹ አገልግሎት የተለየ የራሱ አካል እንዲኖረው ተደርጓል።

ሌላው ግማሽ የመንግሥት ውል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብራዘርሁድ ገንዘብ የምእመናን መዋጮ፣ የተናዛዦች ስጦታና ያገለገሉ ልብሶችና ዕቃዎች የሚሸጡባቸው ሱቆች ገቢ ነበር። ሱቆቹ ዛሬም አሉ። ነገር ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ የአውስትራሊያ መንግሥታት ቀድሞ ራሳቸው ይሰጡት የነበረውን ብዙ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ሥራ ማፈላለግን፣ በጨረታ ለውጭ ድርጅቶች መስጠት ጀመሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶችም ከዋነኞቹ ተቋራጮች መካከል ሆኑ። ኤንዲአይኤስ የሚባለው ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን ሲዘረጋ ብራዘርሁድ በሜልበርን በርካታ አካባቢዎች ሰዎችን ከመድኑ ጋር የሚያገናኝ የመንግሥት አጋር ሆኗል። ልጁ ዘግይቶ መናገር የጀመረበት ቤተሰብ ዛሬ የብራዘርሁድን ቢሮ የሚያንኳኳው ምጽዋት ፈልጎ አይደለም፤ በሕግ የተሰጠውን መብት ለማስፈጸም ነው። እኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል። አንድ ሰው በመብት የሚገባውን አገልግሎት የሚያገኝበት ብቸኛ በር የሃይማኖት ስም ያለበት ድርጅት ከሆነ፣ የድርጅቱ ለሁሉም ክፍት መሆን የደግነት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ የዜግነት ጉዳይ ይሆናል።

ድርጅቶቹ ከመንግሥት ገንዘብ እየወሰዱ መንግሥትን መተቸታቸው ትክክል ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ በሕግ በኩል የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 መልሶታል። ኤይድዎች በተባለ ድርጅት ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ድርጅት ለበጎ አድራጎት ዓላማው ሲል በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ሕዝባዊ ክርክር ማንሣቱ የበጎ አድራጎት ስሙን አያሳጣውም ብሏል። በተግባር ግን ሕግ የማይደርስበት ስፍራ አለ። ውሉ ሊታደስ ሦስት ወር የቀረው ሥራ አስኪያጅ የጥናቱን ቃላት ለዘብ እንዲያደርግ ማንም በጽሑፍ ሊያዝዘው አያስፈልግም።

የሚተቹት ወገኖች

ዓለማዊ መንግሥትን የሚደግፉ ተቺዎች ዋና ነጥብ ቅጥር ላይ ነው። የሁሉም ግብር ከፋይ ገንዘብ የሚፈስበት ድርጅት ሠራተኛን በእምነቱ ወይም በግል ሕይወቱ ምክንያት መከልከል የለበትም ይላሉ። የፌዴራሉ የ1984 የፆታ አድልዎ ሕግ ለሃይማኖት ተቋማት ሰፊ ልዩነት ይሰጥ ነበር፤ በ2013 በተደረገው ማሻሻያ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ የአረጋውያን መኖሪያዎች አገልግሎት ሲሰጡ በዚህ ልዩነት እንዳይጠቀሙ ተደርጓል። የቪክቶሪያ ግዛት በ2021 ከዚህ የጠበቀ ሕግ አወጣ፦ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኛን በእምነቱ ሊለይ የሚችለው እምነቱ ለሥራው ጠባይ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ቄስ ሲቀጠር የሃይማኖቱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ግን አይሆንም እንደማለት ነው። በፌዴራል ደረጃ የሃይማኖት አድልዎን የሚመለከተው ረቂቅ በፌብሩዋሪ 2022 ከታችኛው ምክር ቤት አልፎ በሴኔት ሳይቀርብ ተቀብሯል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚመጣው ትችት በተቃራኒው ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ሠራተኛው አማኝ ካልሆነ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ከሆነ፣ ጸሎት በሥራ ሰዓት የማይታሰብ ከሆነ ድርጅቱ ከማንኛውም ተቋራጭ በምን ይለያል? ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በእሴቶቻችን» የሚል ነው፤ ይህ ግን ደካማ መልስ ነው፤ አክብሮትና ርኅራኄ የሌላው ሰውም እሴቶች ናቸውና። የተሻለው መልስ በአሠራር የሚታይ ነው፦ ድርጅቱ ገበያ የማያዋጣበት ሰፈር ውስጥ ይቆያል ወይ? ውል የማያስገኝ ጥናት ያሳትማል ወይ? መንግሥት የዘጋውን በር የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ይከፍታል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በሒሳብ መዝገብ ሊመረመሩ ይችላሉ።

አህጉረ ስብከቱ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውም ነገሩን ያወሳስበዋል። በ2017 ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ የሲድኒ ሀገረ ስብከት ለተቃዋሚው ዘመቻ 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሰጥቷል፤ በሌሎች አህጉረ ስብከት ደግሞ ድጋፋቸውን በግልጽ የተናገሩ ካህናት ነበሩ። በሁለቱም ወገን ስሙ ላይ «አንግሊ» ያለበት ድርጅት ይሠራል። ተገልጋዩ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን አቋም በግልጽ ቋንቋ የመናገር ግዴታ አለበት።

በቤቱ ውስጥ የተፈጸመው በደል

ሥሩን በኩራት የሚያነሣ ድርጅት የሥሩን መራራ ክፍልም መሸከም አለበት። በ2004 የወጣው የአውስትራሊያ ሴኔት ሪፖርት በ20ኛው መቶ ዘመን ከ500,000 በላይ ሕፃናት በማሳደጊያ ተቋማት ወይም ከቤተሰብ ውጭ እንዳደጉ ገምቷል፤ ብዙዎቹ ተቋማት የአብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከእናቶቻቸው የተነጠቁበት ፖሊሲም የሚስዮን ጣቢያዎችን እንደ መሣሪያ ተጠቅሟል። ከ2013 እስከ 2017 የሠራው የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት መርማሪ ኮሚሽን ከ1980 ወዲህ ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቀረቡ ከ1,000 በላይ አቤቱታዎችን ሰንዷል። በ2018 የተከፈተው ብሔራዊ የካሣ ሥርዓት ለተጎጂ እስከ 150,000 የአውስትራሊያ ዶላር ይፈቅዳል።

ጉዳዩ የብራዘርሁድን ታሪክ በአንድ ሰው በኩል ይነካል። በ1980ዎቹ ድርጅቱን የመሩትና የድሆች ጠበቃ ተብለው በአገሩ የታወቁት ፒተር ሆሊንግዎርዝ በኋላ የብሪዝበን ሊቀ ጳጳስ፣ ከዚያም የአገሪቱ ጠቅላይ ገዥ ሆኑ፤ ሆኖም በሊቀ ጳጳስነታቸው ዘመን የጥቃት አቤቱታዎችን በያዙበት መንገድ በደረሰባቸው ብርቱ ትችት በ2003 ከጠቅላይ ገዥነት ወረዱ። ለድሃው በአደባባይ መከራከር በቢሮ ውስጥ የተጎጂን ልጅ ቃል ለመስማት ዋስትና እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1881 በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር የተቋቋመው የሕፃናት ማኅበር በዲሴምበር 2024 ያልተለመደ ነገር አደረገ። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ከጥቃት ጋር በተያያዘ ምርመራ ምክንያት ከሥልጣን እንደሚወርዱ ካስታወቁ በኋላ ያቀረቡትን የገና ስጦታ ማኅበሩ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ጥቃት ከደረሰባቸው ሕፃናት ጋር የሚሠራውን ሥራ ከሚመራባቸው መርሆዎች ጋር አይስማማም የሚል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ድርጅት ለእናቱ አለቃ «ከእርስዎ ይልቅ የሕፃናቱ እምነት ይበልጥብናል» ሲል የድርጅቱ ሕጋዊ ነጻነት ምን እንደሚጠቅም ይታያል።

ለስደተኛው ቤተሰብ በተግባር

በእነዚህ ድርጅቶች ደጃፍ የሚቆመው የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚያገኘው እንቅፋት የሃይማኖት አይደለም፤ የቪዛ ነው። ከ2019 ወዲህ በቋሚ ነዋሪነት የገባ ሰው ጆብሲከርን ለማግኘት 208 ሳምንት፣ ማለትም አራት ዓመት፣ መጠበቅ አለበት፤ በስደተኝነት ቪዛ የገቡት ከዚህ ነጻ ናቸው። ጥገኝነት ጠይቀው በጊዜያዊ ቪዛ ያሉት ደግሞ ድጎማው ጨርሶ አይመለከታቸውም። በመንግሥት ውል የሚሰጡ አገልግሎቶች እነዚህን ልዩነቶች ይከተላሉ። ስለዚህ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ አይደለም፤ የትኛው የቪዛ ቁጥር እንዳለዎት ነው። ድርጅቱ ቪዛው የማይፈቅድለትን ሰው የሚረዳው ከስጦታና ከሱቆቹ ገቢ ነው፤ ይህ ገንዘብም ከፍላጎቱ ጋር ሲተያይ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። በየትኛው ገንዘብ የሚሠራ አገልግሎት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ መመላለስ ያስቀራል።

በ1999 ከብራዘርሁድ ጋር የተዋሐደው፣ ከዚያ በፊት በአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ይደገፍ የነበረው የፍልሰተኞች ማዕከል ለስደተኞች በሥራ ልምምድና በአማካሪ አማካይነት ቅጥር የሚያስገኝ ሥራ አካሂዷል። ከውሕደቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፊትዝሮይ የተጀመረው ሂፒ የተባለው ፕሮግራም ግን ስለ ድርጅቱ ጠባይ የበለጠ የሚናገር ይመስለኛል። ሂፒ ወላጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ የተቃረቡ ልጆቻቸውን በቤት እንዲያስተምሩ የሚያግዝ ሲሆን፣ መነሻው በ1969 በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ዘዴ ነው፤ በእስራኤልም ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰቦች ተጠቅመውበታል። በአውስትራሊያ መንግሥት ገንዘብ መድቦለት ወደ 100 ያህል አካባቢዎች ተስፋፍቷል። አንዲት አስጠኚ በየጊዜው ወደ ቤት እየመጣች ለእናት ወይም ለአባት የሳምንቱን ትምህርት ታሳያለች፤ ልጁን የሚያስተምረው ወላጁ ራሱ ነው። ወላጁ እንግሊዝኛ ባይጠነክርለት አስጠኚዋ ብዙ ጊዜ ከዚያው ሰፈር፣ አንዳንዴም ከዚያው ቋንቋ የመጣች ናት። አስጠኚዎቹ የሚቀጠሩት ከራሳቸው ከፕሮግራሙ ወላጆች መካከል ነው። ትናንት ልጇን ይዛ የተመዘገበችው እናት ዛሬ ደመወዝ እየተከፈላት የጎረቤቷን በር ታንኳኳለች።